የእናቴ ማማሰያ በሰው እጅ

ሰው በመሬት ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል፣ በልብስም በሹመትም ይቀናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁት በእንጨት ነው። ክንድ የማትሞላ፣ አንድ ጎኗ ከድስት ጋር ተፋትጎ የሳሳ፣ ቅቤ ጠጥታ የጠቆረች ማማሰያ። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ሆሳዕና መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ፣ ከጃጁራ ቡላ ይዛልኝ የምትመጣ የወንድሜን ልጅ ስጠብቅ፣ ከአዲስ አበባ የገባው አውቶቡስ ሰው ማራገፍ ጀመረ። ተሸካሚዎቹ እንደ ልማዳቸው ሻንጣውን ከባለቤቱ ቀድመው ያዙት። መጨረሻ ላይ የወረደች ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት አሮጊት ግን ቦርሳዋን ለማንም አልሰጥም ብላ ከአንዱ ጎረምሳ ጋር ትጓተታለች። «ልቀቅ አልኩህ! ከበደኝ ብዬሃለሁ?» ስትል ድምጿን ሰማሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ሃምሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ጽጌ ናት። ከቦርሳዋ አፍ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል። ከፊቷ በፊት እንጨቱን ነው ያወቅሁት ብል ውሸት አይሆንብኝም።

በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና አሁን ያለችው ሆሳዕና አልነበረችም። ከገበያው መውጫ ጥግ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ ነበረ፤ ባለቤቱ ከመንዝ መጥተው የከተሙ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቡጀዲው፣ በፍታው፣ ካኪው፣ አበባ የፈሰሰበት ቺት በጣቃ በጣቃ ተደርድሮ ሲታይ ልብ ይሰርቅ ነበር። ቺቱ ክንዱ በስሙኒ ነው። ጋሽ ደምሴ አጭር ስለነበሩ ገበሬው «በእርስዎ ክንድማ አይለካልኝም፣ ረዘም ያለ ሰው ይጥሩ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቀየሙ አላፊ አግዳሚ ጠርተው ያስለካሉ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያው ሱቅ ፊት ነበር፤ ክረምት ሲሆን ተሳፋሪው ከተቀመጠበት መንገድ እየወረደ የገፋው ይበልጣል። ጽጌ የጋሽ ደምሴ ልጅ ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞታባታለች። በእነሱ ሱቅና በእኛ ቤት መካከል የነበረው የእኛ የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው። ጽጌ በዚያ ጓሮ ሾልካ እናቴ ጓዳ ገባች፤ ገብታም እዚያው ቀረች።

እኔስ የት ነበርኩ? እኔማ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለነበር ሴት ልጁ እንድትማርለት ፈለገና ከምባታ ውስጥ ከሚገኝ የሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ሸራ ጫማና ሰማያዊ ቀሚስ ተሰጠኝ፣ ፊደል ቆጠርኩ፣ መዝሙር ዘመርኩ፣ ሹራብ መሥራት ተማርኩ። ነገር ግን ምዝገባው ሁልጊዜ ከመስቀል በፊት ነበርና፣ መስቀል በመጣ ቁጥር እኔ የአዳሪ ቤት ባቄላ ፊት ነኝ። በእኛ አገር መስቀል ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሀዲያዎች ያሆዴ እንለዋለን። ወንዱ ለሰንጋው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ጎረምሳው እንጨት ይፈልጣል፣ ሴቷ ቅቤ ታከማቻለች፤ በዋዜማው አታካና ይሠራል። አታካና ቡላ በወተትና በቅቤ ተማስሎ የሚበላ ነው፤ እንዲህ ብዬ ስናገረው ገንፎ ይመስላል፣ ግን ገንፎ ነው ያለኝ ሰው ቤቴ አይገባም። ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት፣ በእናታችን በአማ ቤት፣ ከድስቱ ሥር ይዞ የሚቀረው እርር ያለ ፍቅፋቂ የእኔ ነበር። ወንድሞቼ እጃቸውን ቢሰዱ አማ በማማሰያው ጣታቸውን ትመታ ነበር።

አማ ሁሉን ነገር በእጇ እንጂ በአፏ አታስተምርም። የማትናገር ሴት ነበረች፤ አጠገቧ ሆኖ ያላየ ምንም አያገኝም። አጠገቧ የነበረችው ደግሞ ጽጌ ናት። ለክረምት ዕረፍት ቤት በመጣሁ ቁጥር ጓዳው ውስጥ አንድ አዲስ ነገር አገኛለሁ፦ ጽጌ ሀዲይኛ ስትናገር፣ ጽጌ እንሰት ስትፍቅ፣ ጽጌ እናቴን «አማ» ብላ ስትጠራ። አንድ ክረምትማ ባሰ። የሰፈራችን ሴቶች ዊጆ የሚባል የቅቤ ዕቁብ ነበራቸው፤ ሁሉም ከላሟ ቅቤ እያዋጣች በተራ ይደርሳቸዋል፣ ለመስቀል የሚሆነው ከዚያ ነው የሚወጣው። አማ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ «የልጄ ቦታ» ብላ በዊጆው አንድ ቦታ ይዛልኝ ነበር። ስመጣ ያ ቦታ የጽጌ ሆኖ ጠበቀኝ። «አንቺ የለሽም፣ ቅቤው ደግሞ አይጠብቅም» አለችኝ አማ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ሌሊቱን ትራሴን ነክሼ አደርኩ። እናት የሌላት ልጅ መሆኗን አጥቼው አይደለም። ቅናት ግን ይህን የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ኋላ ትምህርቴን ጨርሼ መምህር ማቴዎስን አገባሁና ሺንሺቾ ወረድን። እዚያም መስቀል ሲደርስ አማቴ ድስታቸውን ለማንም የማያስነኩ ሴት ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ አታካና መብላት እንጂ መሥራት ሳልማር፣ ማቴዎስ ለተጨማሪ ትምህርት ህንድ አገር ዕድል አግኝቶ ፑና ከምትባል ከተማ ይዞኝ ገባ። አወይ ፑና! ከአንዲት መበለት ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ከታች ልብስ ሰፊው መኪናውን ያንቀጫቅጫል፣ ከማዶ ያለው ሻይ ቤት ራዲዮውን ከፍቶ የፊልም ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያሰማናል። ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን አጥንቼ ድስት ሳጥብ አንጎራጉረው ነበር። ሳሪም ገዝቼ ነበር፤ ለብሼው ደረጃ ስወርድ ራሴን ጠለፍኩና ከዚያ ወዲያ የሻንጣ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ዝናቡ ክረምታችንን ይመስላል፤ በዝናቡ መጨረሻ መስቀል ሲመጣ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ጀመር። ማቴዎስንም ያው ናፍቆት ይዞት ኖሮ አንድ ቀን «አታካና ብትሠሪልኝ ከዲግሪው እኩል ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። እኔም «ቡላ ካገኘህ እሠራለሁ» አልኩ። ከየት ያመጣል ብዬ ነዋ!

አምጪዋ ጽጌ ሆና መጣች። መቶ አለቃ ባሏ እዚያው ፑና ለትምህርት ተልኮ ኖሮ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተከትላው ደረሰች። ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ተሠርታ፣ የታጠፈ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረጃችንን ወጥታ ስትገባ ያው የአማ ጓዳ ሽታ አብሯት ገባ። «አማ ልካልሻለች» ብላ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ ሰጠችኝ። አቅፌው አለቀስኩ፤ የእናቴ ጉንጭ እስኪመስለኝ ሳምኩት። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ግን ከቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ጥቅል አየሁ። «ይሄስ የማን ነው?» አልኳት። «የእኔ ነዋ» አለች ጽጌ፣ ምንም ነገር እንደሌለው ሰው። ሁለቱን ጥቅሎች በዓይኔ መዘንኩ። እኩል ናቸው። ትንሽ ቢያንስ ምን ነበረበት! ከባሕር ማዶ ያለች የማኅፀን ልጅ እና የጎረቤት ልጅ እኩል ይላክላቸዋል? ያን ጊዜ ነው በልቤ «ይህን አታካና እኔ እሠራዋለሁ፤ የአማ ልጅ ማን እንደሆነች ሰው ሁሉ ይይ» ያልኩት። እንግዲህ ነገሩ ለእኔ የምግብ ነገር መሆኑ ቀረ።

በዋዜማው ጽጌንና ባሏን፣ ደግሞ አንድ የሺንሺቾ ልጅ ተማሪ ጠራሁ። ዋዜማው ማክሰኞ ዋለ። አንድ ቀን ዘግይቶ ረቡዕ ቢሆን ኖሮ ጽጌ ጾመኛ ስለሆነች አትቀምስም፣ እኔም ከዚያ ሁሉ ጉድ እተርፍ ነበር። ከጧት ጀምሬ የላምባ ምድጃዬን ወለወልኩ። ማቴዎስ የጎሽ ወተት አመጣ። ህንዶች የነጠረ ቅቤ በቆርቆሮ ይሸጣሉና አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ተሸክሞ ገባ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልጅነቴ በጓዳው በር ላይ ሳልፍ አማ «ቅቤው ሲመለስ ይወርዳል» ስትል ሰምቻለሁ። ይበቃኛል አልኩ። ወተቱን አፈላሁ፣ ቡላውን ፈርፍሬ ጨመርኩ፣ የሻይ ማንኪያ በሚያክል የብረት ማንኪያ አማሰልኩ፣ ቅቤውን ሳልሰስት ገለበጥኩት። ያ የህንድ ቅቤ ውኃ የሚባል ነገር የለበትም፤ ወዲያው ወርቅ መስሎ ከላይ ተንሳፈፈ። ተመለሰ! ብዬ በደስታ አወረድኩት። አይ የእኔ ነገር፣ እንኳን ሊመለስ ገና አልሄደም ነበር።

በትልቁ ሳህን ሞልቼ፣ አይብ ጣል ጣል አድርጌ አቀረብኩ። ማቴዎስ ጎረሰ፤ አላመጠ፣ አላመጠ፣ «ጥሩ ነው» አለ። ባል ጥሩ ነው ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያገባች ታውቀዋለች። መቶ አለቃው ውኃ ጠየቀ። የሺንሺቾው ልጅ ወጣትነት አላስችል ብሎት «እትዬ ራሔል፣ ይሄ ቆጮ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጽጌ ከጫፉ ቀምሳ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ራሔል፣ አልጠጣም እኮ» አለች።

«ምኑ ነው የማይጠጣው?»

«ቡላው። ቅቤውን ገና አልጠጣም። መጀመሪያ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ጠጥቶ ቅቤው ድራሹ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚመልሰው። አማ ‹ሳይጠጣ የመለሰውን አትመኚ› ትል የለ?»

ትል የለ! ለእኔ አላለችማ። የእናቴ ቃል ግማሹ ለእኔ፣ ሙሉው ለእሷ ነበር። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው የሚሉት ወደው አይደለም። እሷ ግን አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅብኝ በተሻለኝ። ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች፣ ድስቱን ወደ ምድጃው መለሰች፣ ከቦርሳዋም አንድ እንጨት አወጣች። ያቺን ማማሰያ። ወንድሞቼ ጣታቸውን የተመቱባት፣ አማ ለማንም የማታውሳት ማማሰያ ፑና ድረስ መጥታ በጽጌ እጅ ላይ! «ስመጣ ለምኜ ነው የወሰድኳት፤ ያለእሷ አይሆንልኝም» አለችኝ። እሷ ለምና አገኘች፤ እኔ ልለምን እንኳ አላሰብኩም። ዓይኔ ደም ለበሰ። እሷ ግን ወገቧን ጎንበስ አድርጋ፣ ትከሻዋን እንደ አማ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ታማስላለች። ቅቤው ጠፋ። ቡላው እየጠራ ሄደ፣ ቡጭ ቡጭ አለ። ክንዷ እስኪዝል ከቆየች በኋላ ቅቤው ቢጫ ሆኖ ከየዳሩ ብቅ ብቅ ይል ጀመር። የቤት አከራያችን ሴትዮ ሽታው ስቧት በሩ ላይ መጥታ ቆማለች።

ማቴዎስ ሁለተኛውን ሲጎርስ ዓይኑን ጨፈነ። «አማ ቤት ገባሁ» አለ፤ ከዚያም በሀዲይኛ ጽጌን መረቃት። እኔን አይደለም፣ ጽጌን። እሷም በሀዲይኛ አሜን አለች። የራሴ ባል፣ በራሴ ቋንቋ፣ በራሴ ቤት፣ በእናቴ ማማሰያ ሌላ ሴት ሲመርቅ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሁሉም በልቶ ካበቃ በኋላ ጽጌ ባዶውን ድስት አንሥታ እፊቴ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ እርር ያለው ፍቅፋቂ አለ። «ያንቺ ነው» አለችኝ። ለእኔ ፍቅፋቂ! ሳህኑን ለሌላው፣ ድስቱን ለአጣቢዋ አልኩ በልቤ። ተነሣሁና አንድ ጆግ ውኃ ሞላሁበት። ጽጌ ድስቱን ትክ ብላ ስታየው ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንጂ ወዳጅነት አልነበረንም። በዚያው ዓመት አማ ማረፏ ተሰማ። በክፍላችን ፍራሽ አንጥፈን ለቅሶ ተቀመጥን። ጽጌ ገና ከደረጃው ጀምራ «አማዬ፣ አማዬ» እያለች ገባችና እጅግ ስላነባች፣ ሊያስተዛዝኑኝ የመጡት አበሾች እሷን ይዘው ያጽናኑ ጀመር። አንዱማ የአማ ልጅ መስላው እሷን «እግዜር ያጥናሽ» ካላት በኋላ እኔን በጎረቤትነት ጨበጠኝ። በእናቴ ለቅሶ እንኳ ቀደመችኝ። ማማሰያዋን ስጪኝ ልላት አንድ ሺህ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። ግን ስጪኝ ማለት ያንቺ ነው ብሎ ማመን መሰለኝና ዋጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ባሏ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዱ። ከዚያ እኛም ተመለስን፣ ዘመኑም ተገለባበጠ፣ የጋሽ ደምሴ ሱቅ የሌላ ሆነ፣ ሰው ሁሉ በየፊናው ተበተነ። ማቴዎስም አረፈ። በየመስቀሉ ድስቴ ፊት ስቆም ግን ትከሻዋን ወደ ግራ ያዘነበለች አንዲት ሴት አጠገቤ ትቆማለች፤ አማ ትሁን ጽጌ መለየት ያቅተኝ ነበር።

እንግዲህ መናኸሪያው ላይ ያገኘኋት ይህችን ጽጌን ነው። «የአባቴን መቃብር ልይ ብዬ ነው፤ ሳልሞት» አለችኝ። ከኔ በፊት አርጅታለች፤ ይህን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ። ማረፊያ እንደሌላት ስትነግረኝ ቤቴ አስገባኋት፤ ምን ላድርግ፣ ዋዜማ ነዋ። የወንድሜ ልጅ ቡላውን ይዛ ደረሰች። ጓዳ ስንገባ ጽጌ ሳትጠይቀኝ ጨርቁን ፈታች። ማማሰያዋ ከሁለታችንም የባሰ አርጅታለች፤ ጎኗ አልቆ ማንኪያ መስላለች። ማማሰሉን ተቀባበልነው፤ እሷ ሲደክማት እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ እሷ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን እንጨት ጨበጥኩት። የሚይዙት ቦታ በጣት ልክ ጎድጉዷል። ቅቤው ጠፍቶ ሲመለስ ሁለታችንም እኩል «መጣ» አልን። ከበላን በኋላ እንጨቷን አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቋ ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ መለሰቻት። በዓይኔ ስከተላት አይታኝ «እሷን አልሰጥሽም» አለችኝ። «ማን ለመነሽ?» አልኳት። ከዚያ ድስቱን አንሥታ እፊቴ ገፋችው።

«ያንቺ ነው።»

«አንቺ ሴት» አልኳት፣ «ፑናም እንዲህ ብለሽ ሰድበሽኛል። በስተርጅናም አልተውሽኝም?»

ጽጌ አፍጥጣ አየችኝ። «ስድብ ነው ብለሽ ነው ውኃ የሞላሽበት?» አለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ስድብ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። ስሚኝ፣ በአማ ቤት ስንት መስቀል አማስያለሁ መሰለሽ። አንድ ቀን ፍቅፋቂውን አላስቀመሰችኝም። ‹የራሔል ነው› ትልና በትንሿ ጣባ አድርጋ ቆጡ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንቺ እንደማትመጪ እያወቀች! እዚያው ይሻግታል። ከዚያ አውርዳ ለውሻው ትሰጠዋለች። ለውሻው፣ ራሔል! ለእኔ ግን እንቢ። ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር አለቅስ ነበር። ‹የማትመጣዋ ልጅ የምትሻለው በምኗ ነው?› እል ነበር። እኔ አንቺን ስጠላሽ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?»

ድምጿ ውስጥ ያለው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ የኖረ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አብልጬ የተመኘኋትን እንጨት ቦርሳዋ ውስጥ ረሳኋት። ቆጡ ላይ ያለችውን ጣባ አየኋት፤ አዳሪ ቤት ባቄላዬን ስለቅም ለእኔ ተብሎ የሚሻግተውን ፍቅፋቂ አየሁት። አማ በአፏ የማትናገር ሴት ነበረች።

ማንኪያ አነሣሁና ድስቱን መፋቅ ጀመርኩ። ከሥሩ እርር ያለው ቅርፊት እየተላጠ ወጣ። ጽጌ ዓይኗን ከማንኪያዬ ላይ አላነሣችም፤ በዚያ በተሸበሸበ ፊት ላይ እንሰት ሥር የምታለቅሰው ልጅ ተቀምጣለች። ጣባ አወረድኩና የፋቅሁትን ከሁለት ከፈልኩ። ግማሹን ወደ እሷ ገፋሁላት። ግማሹን ብቻ።